ከቆጋ የጫንነው አቮካዶ መንገድ ላይ ለምን ይበላሻል? የምታውቁ እባካችሁ

የቆጋው ገበሬ (መጋቢት 4)

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ መራዊ አጠገብ፣ ቆጋ መስኖ ላይ ነው ያለሁት። ሃስ የሚባለውን አቮካዶ ከተከልን ዓመታት አልፈዋል፤ ዘንድሮ ጥሩ አፍርቶልናል። ዛፉን መንከባከቡን ለምደነዋል፣ ውሃውም አልጎደለብንም። ያቃተን ከዛፍ ከወረደ በኋላ ያለው ነው።

በየካቲት መጨረሻ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር 14 ኩንታል ለቅመን በአይሱዙ አዲስ አበባ ላክን። ሲጫን አንድም የተበላሸ አልነበረም፤ ቆሜ ነው ያስጫንኩት። በሦስተኛው ቀን ተቀባዩ ደወለና «5 ኩንታሉ ለሰው የሚሰጥ አይደለም፣ የምከፍለው የ9ኙን ነው» አለን። መጀመሪያ ሊበላን ነው ብለን ተቆጣን። ግን ከዚያው ከተጫነው አንድ ቅርጫት ለቤት አስቀርቼ ነበር። በሰባተኛው ቀን እየቆረጥኩ ሳየው ሰውየው አልዋሸም።

ያየሁት ሦስት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ጭራው (ከቅርንጫፉ የተንጠለጠለበት ማለቴ ነው) የነበረበት ቦታ ዙሪያውን ቡናማ ሆኖ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ እንደ ክር የጠቆረ መስመር ይወርዳል። አንዳንዱ በአንድ ጎኑ ቀልጦ በሌላው ጎኑ ገና ድንጋይ ነው። ጥቂቱ ደግሞ ጭራሽ አልለሰለሰም፤ ተጨማዶ እንደ ጎማ ሆኖ ቀረ።

አንድ ዓይነት ዛፍ ነው፣ አንድ ቀን ነው የተለቀመው። ሦስት ዓይነት ብልሽት ከየት መጣ?

አትክልት ነጋዴ ባህር ዳር

ወንድሜ አይዞህ። አንድ ነገር ሳልጠይቅህ መልስ አልሰጥም። ስንት ሰዓት ለቀማችሁ? በእጅ ጎትታችሁ ነው በመቀስ? በምን ጫናችሁት? መኪናው አባይ በረሃን ስንት ሰዓት ላይ አቋረጠ?

የቆጋው ገበሬ

ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ለቀምን። እጅ የደረሰበትን እየጎተትን፣ የራቀውን ቅርንጫፉን እያነቃነቅን። ልጆች ከታች ይቀልባሉ፤ ያመለጣቸው መሬት ይወድቃል። የጫንነው በማዳበሪያ ከረጢት ነው። መኪናው ዘግይቶ 11 ሰዓት ላይ ስለመጣ ክምሩ ሜዳ ላይ ነበር። ሾፌሩ ፍኖተ ሰላም አደረና ደጀን ሲደርስ ቀትር ሆኖበታል።

አትክልት ነጋዴ ባህር ዳር

በቃ፣ መልሱን ራስህ ጻፍከው። ባለሙያዎቹ ያብራሩልህ እንጂ እኔ ከረጢት ገና ሲወርድ በእጄ ዳስሼ ነው የማውቀው። መሀል ያለው ፍሬ ዳር ካለው ይበልጥ ይሞቃል። እጄን ሳስገባ እንደ ተዳፈነ ዳቦ ከሞቀኝ ያንን ጭነት በማግስቱ መሸጥ አለብኝ፤ ካልሸጥኩት ኪሳራ ነው።

ሆርቲ አዴት

ጤና ይስጥልኝ። የአትክልትና ፍራፍሬ ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ በምዕራብ ጎጃም ወረዳዎች ነው። ነጋዴው ስለ ሙቀቱ የተናገረው ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ልጨምር።

ፍሬ ከዛፍ ሲወርድ አይሞትም። መተንፈሱን ይቀጥላል፤ ሲተነፍስ ያከማቸውን ምግብ ያቃጥላል፣ ሙቀትም ያወጣል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር አተነፋፈሱ ሁለት ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። ስለዚህ 30 ዲግሪ ላይ አንድ ቀን የዋለ ፍሬ፣ 20 ዲግሪ ላይ ሁለት ሦስት ቀን እንደተቀመጠው ያህል ዕድሜውን በልቷል። ጸሐይ ላይ የተከመረ ደግሞ ከአየሩም በላይ ይግላል። እናንተ ከለቀማችሁበት ሰዓት ጀምሮ እስከ 11 ሰዓት ሜዳ ላይ አዋላችሁት፤ ከዚያ አየር በማያስገባ ከረጢት ውስጥ የራሱን ሙቀት ታቅፎ አደረ፤ በማግስቱ ቀትር ላይ አባይ በረሃ ገባ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚወረደው፤ ታች ያለውን ወበቅ የምታውቁት ነው። አቮካዶ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲቆይ መፍጠኑ ብቻ አይደለም፣ አበሳሰሉም ይዛባል። አንድ ጎኑ ቀልጦ ሌላው ድንጋይ የሆነው ግማሹ ከዚህ ነው። ግማሹ ደግሞ ከመውደቁ ነው፤ የተመታው ጎን ቀድሞ ይለሰልሳል። ቆዳው ወፍራም ስለሆነ በተመታበት ቀን ምንም አይታይም። «ሲጫን አንድም የተበላሸ አልነበረም» ያልከው ለዚህ ነው። ተመትቶ ነበር፣ ገና አልተናገረም እንጂ።

ጭራው ጋ የጠቆረው የሻጋታ በሽታ ነው። ስትጎትተው ጭራው ተነቅሎ ቁስል ይከፈታል፤ በሽታው በዚያ ይገባና ውሃ በሚያመላልሱት ስሮች ይወርዳል። ያየኸው ጥቁር ክር እሱ ነው። በመግረዣ መቀስ ጭራውን ጥቂት ሚሊ ሜትር አስቀርተህ ቁረጥ። ረጅም አታስቀር፤ ጎረቤቱን ይወጋል።

እንደ ጎማ የሆነው ሳይደርስ የተለቀመ ነው። አቮካዶ ዛፍ ላይ አይለሰልስም፣ ከተለቀመ በኋላ ነው የሚለሰልሰው፤ ስለዚህ በመንካት መድረሱን አታውቅም። ዛፉ በተለያየ ጊዜ ስለሚያብብ አንድ ዛፍ ላይ የደረሰና ያልደረሰ አብሮ ይኖራል። ከመልቀምህ በፊት ከዛፉ ከተለያየ ጎን አምስት ስድስት ፍሬ አውርድና ሁለቱን ሰንጥቀህ ዘሩን የሸፈነውን ልባስ እይ። ነጣ ብሎ ወፍራምና እርጥብ ከሆነ ገና ነው። ስስ፣ ቡናማ፣ እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ከሆነ ደርሷል። የቀሩትን ቤት አስቀምጣቸው፤ በሳምንት በአሥር ቀን ውስጥ ሳይጨማደዱ እኩል ከለሰለሱ ዛፉ ለለቀማ ዝግጁ ነው። ለውጭ ገበያ የሚገዙት ደረቅ ይዘቱን ይለካሉ፤ ለሃስ ከ21 እስከ 23 በመቶ ገደማ ይጠይቃሉ። ማለትም 100 ግራም ሥጋ ውሃው እስኪያልቅ ሲደርቅ ቢያንስ 21 ግራም እንዲቀር።

የቆጋው ገበሬ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰንጥቄ ሳይ ልባሱ ነጭ የሆነ እንደነበር አስታውሳለሁ። ልዩ ነገር መስሎኝ አልነበረም።

ማርቆስ ጁስ ቤት

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ጁስ ቤት አለኝ፤ ከገዢው በኩል ያለውን ልንገራችሁ። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ስቆርጠው ውስጡ ጥቁር ሲሆን ያፈረው ገበሬው አይደለም፣ እኔ ነኝ።

እኔም ግን ብዙ አጥፍቻለሁ። ጥሬውን ማንጎና ሙዝ እንዲቆይልኝ ብዬ ፍሪጅ ውስጥ እከት ነበር። ሙዙ ልጣጩ ይጠቁራል፤ ማንጎው ቆዳው ይጎደጉዳል፣ ካወጣሁት በኋላም አይጣፍጥም። ብርድ መትቶት ነው አሉኝ። አሁን ጥሬውን ውጭ አበስላለሁ፤ የበሰለውን ብቻ ነው ፍሪጅ የማስገባው። የበሰለ አቮካዶ እዚያ ውስጥ አራት አምስት ቀን ይጠብቀኛል። የማርቆስ አየር ብርድ ስለሆነ ጥሬው እኛ ጋ ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው፤ ቸኩዬ ከሆነ ከሁለት ሦስት የበሰለ ሙዝ ጋር በካርቶን እዘጋበታለሁ።

ሆርቲ አዴት

እህቴ ብርዱን በደንብ አይተሽዋል። ጥሬ ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች፣ ጥሬ ማንጎም እንዲሁ 13 ገደማ ከወረደ ይጎዳል። ሃስ ጠንካራ ነው፣ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። ፍሬ ሁሉ አንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ አይታጎርም።

የሙዙ ነገር ደግሞ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ነው። የሚበስል ፍሬ ያወጣዋል፤ ጋዙ ያገኘውን ጥሬ ሁሉ ያስበስላል። አንቺ አስበሽ ስትጠቀሚበት ጥሩ ነው፤ ሳያስቡበት ግን ጭነት ያጠፋል። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር የሚለው ተረት ለጭነት የተነገረ ይመስለኛል። 50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ አራት የተመቱ ፍሬዎች ካሉ ቀድመው ይበስላሉ፣ ሌላውን ያስከትላሉ። መልቀም እንጂ መምረጥ ሥራ አይመስለንም። እዚያው ዛፍ ሥር፣ ጥላ ላይ፣ የወደቀውንና የተሰነጠቀውን ለይታችሁ ለአካባቢ ገበያ አውሉት፤ ከሚጓዘው ጋር አትቀላቅሉት።

ጃቢ ጠህናን ማንጎ

እኛ ጋ አቮካዶ ጥቂት ነው፣ ማንጎ ነው ያለው። የኛ ችግር ወተቱ ነው። ጭራው ሲቆረጥ የሚፈሰው ሙጫ ቆዳው ላይ ሲወርድ በማግስቱ የተቃጠለ የሚመስል ጥቁር መስመር ይወጣል። ነጋዴው ይህን አይቶ ዋጋ ይሰብራል፤ ነጩ ተባይ ከሚተወው ሮዝ ነጥብ ጋር ተደምሮ ፍሬውን የታመመ ያስመስለዋል።

አባቴ የሚያደርገውን ልንገራችሁ። ጭራውን የስንዝር ግማሽ ያህል ረጅም አድርጎ ይቆርጣል፤ ረጅም ሆኖ ሲቆረጥ ወተቱ አይፈስም። ጥላ ሥር ከመጣ በኋላ አንድ በአንድ አጭር አድርጎ ይቆርጥና ወዲያው ጭራውን ወደ ታች ገልብጦ በእንጨት ርብራብ ላይ ይደረድረዋል። ወተቱ ቆዳውን ሳይነካ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። አንድ ሰዓት ካልሞላ አያነሳውም። አድካሚ ነው፣ ግን የእሱ ማንጎ ከኔ በፊት ተሽጦ ያልቃል። ጎረቤት «ሽማግሌ ጊዜ አለው» ይላል፤ እኔ ግን አሁን አሁን እሱ እንደሚያደርገው ነው የማደርገው።

ስለ ፈላ ውሃ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

ሆርቲ አዴት

የፈላ አይደለም፣ የፈላ ይቀቅለዋል። ማንጎ ሲበስል ጥቁር ጠባሳ የሚያወጣውን አንትራክኖስ የሚባል የሻጋታ በሽታ ለመከላከል 52 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ውሃ 5 ደቂቃ ይነከራል፣ ከዚያ ቀዝቅዞ ይደርቃል። ያለ ቴርሞሜትር አትሞክረው፤ በጥቂት ዲግሪ ካለፈ ቆዳው ይቃጠላል። አባትህን ግን እጃቸውን ሳምልኝ።

ማጠብ ለሚፈልግ፦ 5 በመቶ በሆነ በረኪና ከሆነ በ20 ሊትር ንጹህ ውሃ 60 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ውሃው ሲደፈርስ ኃይሉን ያጣል፤ ይቀየር። ከታጠበ በኋላ ሳይደርቅ ሳጥን ውስጥ አይገባም። እርጥብ ሆኖ ከሚጫን ባይታጠብ ይሻላል።

የዳንግላ ንብ

እኔ ንብ ነው የማንበው። ፍሬውን በሰም ቢቀቡት ይቆያል ሲባል ሰማሁ። ሰም ሞልቶናል፣ ገበያ ቢገኝለት ደስ ባለኝ።

ሆርቲ አዴት

በሰም መቀባት በዓለም የተለመደ ነው፤ ውሃው እንዳይተን ያደርጋል፣ መጨማደድን ያዘገያል። ግን የሚቀባው በጣም ስስ ሆኖ ተዘጋጅቶ ነው። ቤት ውስጥ ቀልጦ የተቀባ ሰም ይወፍርና ፍሬውን ያፍነዋል፤ የታፈነ ፍሬ ውስጡ እንደ ጠላ ይብላላል። ለጊዜው ሰሙን ለጧፉ ተውልን።

ዘጌ ጡብ

እኔ ደግሞ ፍሬ ቀዝቅዞ ስለሚቆይበት የጡብ ማቆያ ልጻፍ፤ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። ህንዶች በኒው ዴልሂ የግብርና ምርምር ተቋማቸው እንደ ፈረንጆች በ1980ዎቹ ያወጡት ነው፤ መብራት አይፈልግም። እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዝበት ብልሃት ማለት ነው፣ ላዩ ላይ ያለው ርጥበት ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል።

አሠራሩ፦ ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያገኝ ቦታ ይመረጣል። ወለሉ በጡብ ይነጠፋል፣ ርዝመቱ 165 ወርዱ 115 ሳንቲ ሜትር። ዙሪያውን ሁለት የጡብ ግድግዳ ይቆማል፤ በመካከላቸው 7.5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተዋል። ከፍታው 67 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ጉልበትን አለፍ ይላል። ክፍተቱ ውስጥ የታጠበ የወንዝ አሸዋ ይሞላል። አሸዋውና ጡቡ ጠዋትና ማታ ውሃ ይጠጣሉ። ክዳኑ ከቀርከሃና ከሰንበሌጥ ነው፣ እሱም ይረጠባል። ከላይ ዳስ ያስፈልገዋል። 100 ኪሎ ያህል ይይዛል።

ጡቡ ውሃ የሚመጥ፣ ያልተለሰነ ይሁን። እኔ የመጀመሪያውን በሲሚንቶ ለስኜው ሥራ አልሠራም፤ ውሃው አልተነነማ። አፍርሼ እንደገና ሠራሁ። ባለፈው መጋቢት ውጭው 30 ዲግሪ ሲሆን ውስጡ 20 ነበር። ከሁሉ የገረመኝ ግን ርጥበቱ ነው፤ ፍሬው አይጨማደድም፣ ክብደቱን አይጥልም።

ከሰኔ እስከ መስከረም ግን አትድከሙ። አየሩ ራሱ ውሃ ስለጠገበ ምንም አይተንም። የበጋ ነገር ነው።

አትክልት ነጋዴ ባህር ዳር

ሁሉም መልካም። አንድ ነገር ግን ልናገር፣ አትቀየሙኝ። ባለሙያው «ሳጥን ተጠቀሙ» ሳይል አይቀርም፤ እውነቱን ነው፣ 20 ኪሎ የሚይዝ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ሳጥን ከከረጢት ጋር አይወዳደርም። ከረጢት ላይ ተቀምጠው የሚሄዱ ጫኞችን አይቻለሁ። ግን ሳጥኑ ሄዶ አይመለስም። እኔ ባለፈው ዓመት 60 ሳጥን ልኬ የተመለሰልኝ 22 ነው። ማንን ልጠይቅ? ሾፌሩ ተቀባዩን ይላል፣ ተቀባዩ ቸርቻሪውን ይላል። ደግሞ የተጎዳውም ያልተጎዳውም ሲራገፍ በአንድ ዋጋ ከሆነ ገበሬው ለምን ይልፋ? ፍሬው እስከ ዛሬ የሚበላሸው ገበሬው መጠንቀቅ ጠልቶ አይደለም፤ ጥንቃቄውን የሚከፍልለት ስላጣ ነው።

ማርቆስ ጁስ ቤት

እኔ እከፍላለሁ። ከልቤ ነው የምለው። ከመቶ ሠላሳ ከምጥል በኪሎ ጨምሬ ብገዛ ይሻለኛል። ሳጥኑንም እመልሳለሁ፣ የምቀበለው እኔው ራሴ ስለሆንኩ።

ሜጫ ወጣት

አንዳንድ ቦታ በካርባይድ ማብሰል ተጀምሯል። ጥሬውን ልኮ እዚያው በአንድ ሌሊት ማድረስ ይቻላል ይላሉ። ከመንገድ ብልሽት አይሻልም?

ሆርቲ አዴት

ልጄ፣ ይህን አትንካው። ካርባይድ የብየዳ ዕቃ ነው። ውሃ ሲነካው አሲቲሊን ያወጣል፤ ፍሬውን የሚያቀላው እሱ ነው። ግን ከውስጡ አርሰኒክና ፎስፈረስ አይጠፋም፣ የሚሠራበትን ሰውም የሚበላውንም ይጎዳል። ጋዙም በቀላሉ እሳት ይይዛል። ከላይ ቀለሙ ይምጣ እንጂ ውስጡ አይጣፍጥም፤ ያልደረሰን ፍሬ የሚያደርስ ጋዝ የለም። በብዙ አገሮች በሕግ የተከለከለ ነው። የምታውቀው የሚያደርግ ካለ በግልጽ ንገረው።

የቆጋው ገበሬ (ሚያዝያ 9)

ወገኖቼ፣ የነገራችሁኝን በሁለት ዛፍ ሞከርኩ። መቀስ ከመራዊ ገዛሁ፤ ለራቀው ቀርከሃ ጫፍ ላይ ምላጭና ከረጢት አሰርኩ። ፍሬ ሰንጥቄ አይቼ፣ የዘሩ ልባስ ቡናማ የሆነውን ዛፍ ብቻ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሬ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጨረስኩ። ጤዛ የነበረበትን ጥላ ላይ አድርቄ ሦስት ሳጥን ሞላሁ። ሳጥኖቹን ከዘመድ ነው የተዋስኩት።

ቁጥር 1 እና 2 በመቀስ የተቆረጠ፣ ጭራው ያለ ነው። ቁጥር 3 ውስጥ ሆን ብዬ ጭራው የተነቀለውን አደረግሁ፤ በሰዓቱም በጥላውም ሌላው እኩል ነው። ለእህታችን ለማርቆስ ጁስ ቤት በማታ መኪና ልኬያለሁ። እህቴ፣ አደራ፣ ቆጥረሽ ጻፊልን።

ማርቆስ ጁስ ቤት (ሚያዝያ 10)

ጠዋት ደርሶኛል። ሳጥኑ ውስጥ እጄን አስገባሁ፣ ቀዝቃዛ ነው። ቁጥር 1 እና 2 አንድ ላይ 161 ፍሬ፣ ቁጥር 3 ደግሞ 78። መደርደሪያ ላይ ለየብቻ አስቀመጥኳቸው፤ ሙዙን ወደ ሌላው ክፍል አወጣሁት።

ማርቆስ ጁስ ቤት (ሚያዝያ 21)

በ11ኛው ቀን ነው የምጽፈው። ከ161ዱ አራቱ ብቻ ናቸው የተበላሹት፤ ከእነሱም ሁለቱ ፍሬዎች ጎናቸው የተመታ ነበር። ሌላው ቆዳው እኩል ጠቁሮ፣ አንገቱ ጋ ሲጫኑት ለስለስ ይላል፣ ውስጡ ቅቤ ነው። ከቁጥር 3 ግን 23ቱ ጭራቸው የነበረበት ቦታ ጠቁረዋል፤ ያው አንተ ያልከው ክር ታች ድረስ ወርዷል። ፎቶ አንስቻለሁ።

ለሚቀጥለው ሳምንት 5 ሳጥን ላክልኝ፣ በኪሎ የተነጋገርነውን ጨምሬ። ባዶዎቹን ሦስቱን አጥቤ ዛሬ በሚወጣው መኪና ጭኛለሁ፤ ሲደርሱህ ጻፍልኝ።

የቆጋው ገበሬ (ሚያዝያ 22)

ሦስቱም ደርሰዋል።